የሁለተኛው አውሮፕላን ክንፍ

"በቃ ተው! ቀዳዳውን ታበላሸዋለህ!" ሩሂያት የወጣቱን እጅ ከብሎን መፍቻው ላይ ገፋው።

ከአሥራ ስድስቱ የክንፍ ብሎኖች አሥራ ሦስቱ ወጥተው ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል። ሦስቱ ግን ከማለዳ ጀምሮ ንቅንቅ አላሉም። ወጣቱ ኢርፋን ላቡን በክንዱ ጠረገ፤ ሽማግሌውን እንደ ሁሉም "ማንግ"፣ አጎቴ፣ ይለዋል።

"ማንግ ሩሂያት፣ ያኔ የገጠማችሁት በብሎን ነው ወይስ በጸሎት?"

"በሁለቱም። አንተ ደግሞ በሁለቱም ሰነፍ ነህ።"

ሩሂያት ይህን ክንፍ ሲገጥም የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ ነበር። አሁን ስድሳ ሁለት ሞልቶታል። ብሎኑን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይነክሩታል፤ ብረቱ በቅዝቃዜ ይኮማተራል። ሃያ ተቆጥሮ ሳያልቅ ቀዳዳው ውስጥ መግባት አለበት። ሲሞቅ ተመልሶ ያብጥና ክንፉን ከአካሉ ጋር አንድ ያደርገዋል። ሩሂያት ይቆጥር ነበር፤ ጓደኛው ኦማን ደግሞ ያስገባ ነበር።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ሃምሳ ሰው ይይዝ ነበር። ይህኛው ሁለተኛው ነው፤ ረዘም ብሎ ለሰባ ሰው ተሠራ። ሁለቱም ባለ ሁለት ፕሮፔለር ናቸው። ሦስተኛው ከአጽም አላለፈም። የአገሪቱ ገንዘብ ሲወድቅ አበዳሪዎቹ ከባሕር ማዶ መጥተው "ይህ ለእናንተ ቅንጦት ነው" አሉ። አሥራ ሰባት ሺህ ደሴት ላለው ሕዝብ አውሮፕላን ቅንጦት! የእነሱስ ይሁን፤ የባዕድ ነገር ነው። የራሳችን ሹማምንት ግን አንድም ሰው ጠረጴዛ ሳይመታ "ለሦስት ወር ብቻ ይቆማል" ብለው ፈረሙ። ሩሂያት የድስት ክዳን ሠሪ ሆነ። ኦማን ግን ይጠሩኛል ብሎ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ዓመታት ጠብቆ እዚያው ሞተ።

የኦማን ልጅ ኔንደን ዛሬ መሐንዲስ ናት፤ አውሮፕላኑን ፈትቶ ወደ ሙዚየም የማጓጓዙም ሥራ በእሷ እጅ ነው። ሩሂያትን ከቤቱ ያስጠራችው እሷ ናት። ሰዓቷን እያየች መጣች።

"ማንግ፣ ፖሊስ መንገዱን የዘጋልን እስከ እኩለ ቀን ነው። እስከዚያ መኪናው ላይ ካልተጫነ ፈቃዱ ያበቃል። ሙዚየም መግባቱ ይቀርና በኪሎ ለቁራሌው ይሸጣል።"

"እንግዲያው ናይትሮጅን አምጪ። ያስገባው ቅዝቃዜ ያስወጣዋል።"

"አንድ የብረት ጋን ብቻ ነው ያለው። እሱም የነሱ ነው።" በአገጯ ወደ ጎረቤቱ ሃንጋር ጠቆመች።

እዚያ ሳቅ ይሰማል። የአዲሱን ትንሽ አውሮፕላን ክንፍ በዚያው ናይትሮጅን የሚገጥሙበት ቀን ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰው ይይዛል፤ እሱም ባለ ሁለት ፕሮፔለር ነው። እንደ ልማዱ ቢጫ ሩዝ እንደ ተራራ ቆልለዋል። የክምሩን ጫፍ የሚቆርጠው በዕድሜ የገፋ ሠራተኛ ስለሆነ ሩሂያትን እንዲጠራ ሁለት ጊዜ ሰው ልከዋል።

ኔንደን ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሄጄ ልውሰደው? እምቢ አይሉኝም። ሐሙስ ሌላ ጋን ይመጣላቸዋል።"

"የነሱን በጀት የሚወስኑት ሰዎች የሚመጡት መቼ ነው?"

"ነገ።"

"ክንፍ የሌለው አውሮፕላን ሲያዩ ምን ብለው ይጽፋሉ?"

"ዘግይቷል ይሉ ይሆናል። ሁለት ቀን እኮ ናት፣ ማንግ!"

"ሁለት ቀን!" ሩሂያት ጮኸ። "እኛንስ ሦስት ወር አይደል ያሉን? ሃያ ስንት ዓመት ሆነ? እነዚህ ሰዎች ሰበብ ነው የሚፈልጉት። አንቺ በእጅሽ ልትሰጫቸው ነው?"

"ያለ ናይትሮጅን የቀረን መጋዝ ነው። አባቴ የገጠመውን ክንፍ ግን በመጋዝ አላስቆርጥም!" አለች፤ ፊቷን አዞረች።

ሩሂያት መሰላሉን ወጥቶ ሦስቱን ብሎኖች አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው። ጋኑ ቢመጣ በግማሽ ሰዓት ይወጣሉ። ክንፉም ሙሉ ሆኖ ይሄዳል፤ ሙዚየም የሚመጣ ሰው ሁሉ የእጁን ሥራ ያያል። ከዚያ ወረደ።

"ጋኑን እንዳትነኪ" አላት።

ከወዲያኛው ሃንጋር አንዲት ወጣት ሠራተኛ እየሮጠች መጣች። "ማንግ፣ ሩዙ ቀዘቀዘ፣ እርስዎን ነው የምንጠብቀው!"

"ብሉት። ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ። ብሎኑ ሲገባ ለሚቆጥረው ግን ንገሪው፤ ሃያ ነው። እናንተ እንደምታወሩት አጣድፎ እንዳይቆጥር።"

ልጅቷ ስቃ ተመለሰች። ሩሂያት እርሳስ ከኪሱ አወጣና ከመጋጠሚያው አንድ ስንዝር ራቅ አድርጎ ክንፉ ላይ መስመር አሰመረ። እዚያ ከተቆረጠ ሦስቱ ብሎኖች ኦማን እንዳስገባቸው ይቀራሉ።

ኢርፋን የኤሌክትሪክ መጋዙን አንስቶ ጠጋ አለ። ሩሂያት እጁን ዘረጋ።

"ማንግ፣ ይተዉት" አለች ኔንደን። "እሱ ይቁረጠው።"

"እሱ አልገጠመውም" አለና መጋዙን ተቀበለ።