ሽማግሌ የተላከለት ዳቦ ቤት

ጀምበር አዘቅዝቃ የመንደሩ ዶሮ ሁሉ ወደ ቆጡ ሲሰበሰብ፣ ጌጤነሽ በአባቷ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ልትከፍተው ያሰበችውን የዳቦ ቤት የንግድ ዕቅድ ታነብ ነበር። ታነብ ነበር ከማለት ትተክዝ ነበር ማለት ይሻላል። ዕቅዱን የጻፈላት ባለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው፤ ሰውዬው አንዱን ዕቅድ ስም እየለወጠ ለመንደሩ ሁሉ ስለሚሸጥ፣ በእርሷም ዕቅድ ላይ «ዶሮዎቹ በስድስተኛው ወር እንቁላል መጣል ይጀምራሉ» የሚለውን ሳይሰርዝ ቀርቷል። ነገ ይህንኑ ይዛ ብድር ልትጠይቅ ነው፤ መያዣውም እርሷና እናቷ የሚያድሩበት ይኸው ቤት ነው። ዳቦው ባይሸጥስ? ማንን ታማክር? ከመንገዱ ማዶ ዳቦ የሚጋግሩት ጋሽ ድልነሳው እንዳይሰሙባት ፈርታ ነገሩን በሆዷ ይዛዋለች። ይህን ስታወጣና ስታወርድ መሽቶ እንቅልፍ ጣላት።

እነሆ በሕልሟ ጠጉሯ እንደ ባዘቶ የነጣ፣ መልኳ ግርማን የተላበሰ አንዲት ረጅም ሴት እጇን ይዛ አስነሣቻትና ወደ አንድ ሰፊ ጎዳና ወሰደቻት። በጎዳናው ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ቀለም የተቀቡ፣ አንድ ዓይነት ሰሌዳ የሰቀሉ ዳቦ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ነገር ግን ምድጃቸው ቀዝቅዟል፣ ባለቤቶቹም በየደጃቸው ቆመው በጥርጣሬ ይተያያሉ።

«እናቴ፣ እነዚህን ምን አገኛቸው?» ስትል ጌጤነሽ ጠየቀች።

«እያንዳንዱ ሰው እንዳይሰማበት በሩን ዘግቶ አቀደ። ሲከፍት ግን ጎረቤቱም ያንኑ አቅዶ ኖሯል» አለች መሪዋ። «ነይ፣ ልብ የገዙትን ደግሞ ላሳይሽ።»

ድልድይ ተሻግረው ዓይን አይቶ ከማይጠግባት ከተማ ገቡ። በዚያች ከተማ አንዱ ሱቅ ሌላውን አይመስልም፤ ካፖርት ሰፊው ከአዝራር ሠሪው ጎን ተቀምጧል፤ አንዱ ያጣውን ዕቃ ሌላው ዘንድ እንዳለ ጠቁሞ ገዢውን እስከ ደጅ ይሸኛል። ጌጤነሽ እንዲህ ያለ ደግነት በገበያ መካከል አይታ ስለማታውቅ ልቧ በደስታ ተሞላ። በአደባባዩ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች በሕዝብ ፊት ቆመው አየች።

«ልጃገረድ ሊጠይቁ ነው?» አለች።

«አይደለም። በዚህ አገር ሥራ የሚጀምር ሰው፣ ሚስት እንደሚፈልግ ሁሉ ሽማግሌ ይልካል። የሚላኩትም ገዢ ይሆናሉ ወደተባሉት ሰዎች ነው፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ የግድ በዚያው ሙያ ያረጀ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ልጃችን ልዑልሰገድ የጥጥ ፍራሽ ሊሠራ አስቧል፤ ትቀበሉት እንደሆነ ልንጠይቅ መጣን» አሉ። ወጣቱ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ክረምት ጥጡን የት ያደርቀዋል?» አለች አንዲት ሴት።

«መጋዘኑን ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ» አለ ወጣቱ።

«ፍራሹን ለማን ነው የምትሰፋው?» አለ ሌላው።

«ለሁሉም።»

«ሁሉንማ ቤቱ ሄደህ አልለካኸውም።»

ልዑልሰገድ አሰበና «እንግዲያው አላውቅም» አለ። ማንም አልሳቀበትም። በዚያ አደባባይ አላውቅም ማለት እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ከዚያ በፍራሽ ሥራ ያረጁት ሽማግሌ ተናገሩ፦ «ለሕፃን አልጋ የሚሆን ትንሽ ፍራሽ ሰው ይጠይቀኛል፤ ዓይኔ ስለደከመ መልሼ እሰደዋለሁ። እሱን ይያዝ።»

ጌጤነሽ ተደነቀች። «ባላንጣው አይደሉም? ስለምን እውነቱን ይነግሩታል?»

«እርሳቸውም ሲጀምሩ ተነግሯቸዋል። ደግሞም ሁለቱ አንድ ዓይነት ፍራሽ ቢሰፉ፣ ሁለቱም መሬት ላይ እንደሚተኙ ያውቃሉ።»

ይህን ስትሰማ «የጌጤነሽ ሽማግሌዎች ይቅረቡ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዕቅዷ ከመጀመሪያው ተነበበ፤ ስለ ዶሮዎቹም ተነበበ። ከሕዝቡ መካከል አንድ አዛውንት እጃቸውን አንሥተው «ለመሆኑ እነዚህ ዶሮዎች ዳቦውን ይጋግራሉ ወይስ ይበሉታል?» አሉ። ቀና ብላ ብታይ ጋሽ ድልነሳው ናቸው። በኀፍረት ብንን አለች።

ጎህ ቀዷል። ያየችውን ለሰው ሁሉ ልትናገር ቆርጣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ዕቅዱን ይዛ ወጣች፤ ቀድማ የሄደችው ግን ነገሩን ስትደብቃቸው ወደኖረችው ሰው ነው።

«ጋሽ ድልነሳው፣ ሽማግሌ ልልክ ነው። አንዱ እርስዎ ይሁኑልኝ።»

«ሴት ልጅ ሽማግሌ ስትልክ ዛሬ ገና ሰማሁ። ማን ዘንድ ነው የምንሄደው?»

«መንደሩ ዘንድ። ዳቦ ቤት ልከፍት ነው፤ ከእርስዎ ፊት ለፊት።»

ጋሽ ድልነሳው በአግዳሚው ላይ የነበረውን ዱቄት በእጃቸው ጠረግ አደረጉ።

«ተቀመጪ እስቲ። ማን ይገዛሻል?»

«አላውቅም» አለች፣ አንገቷን ሳትደፋ።

«የመናኸሪያ ሰዎች የእኔ ዳቦ ከምድጃ ሳይወጣ ነው የሚሳፈሩት። ባዶ ሆዳቸውን ሲሄዱ ያሳዝኑኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ ግን ከዚህ ቀድሜ መነሣት አቃተኝ።» ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን ካደረጉ በኋላ ጥቂት አነበቡና ቀና አሉ። «ይሄ ደግሞ የምን ዶሮ ነው?»

ይህንኑ በሕልሟም ጠይቀዋት ስለነበር፣ የዶሮውን ነገር ለማስረዳት ሕልሙን ከሥሩ መንገር ግድ ሆነባትና ጀመረች።