አንደኛ ማርሽ እምቢ ያለ ሰሞን

ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ትቶላት የሄደው አንድ አሮጌ ሚኒባስ ነበር፤ እሱንም ከባሏ ታናሽ ወንድም ጋር በፈረቃ ነው የምትነዳው። ጠዋት እሷ ተማሪ ታመላልሳለች፣ ከሰዓት በኋላ ዋርሳዋ ዕቃ ይጭንበታል።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹን ጭና ልትነሳ ስትል አንደኛ ማርሽ አልገባም አለ። ገፋ ብታደርገው ተንገጫገጨ። የኋላ ማርሽም ወይ ፍንክች። ሁለተኛው ግን እየተነጫነጨም ቢሆን ገባ፤ በሱው እያንገዳገደች ተነሳች።

«ሾፌሯ ዛሬ መንዳት ጠፋባት!» ብለው ልጆቹ ከኋላ ሳቁ።

መኪናውን ስታስረክብ ዋርሳዋን ጠየቀችው።

«ማርሹን ምን አድርገኸው ነው?»

«ምን ሆነ?»

«አንደኛ አልገባም ብሎኛል።»

ዓይኑን ወደ ጎማው አዞረ። «ለኔ ይገባል» አለና ተቀመጠ። ፍሪሲዮኑን ረገጥ ረገጥ ሲያደርግ አየችው። ማርሹ ሰተት ብሎ ገባለት፤ ነድቶ ሄደ።

ልቧ ሻከረ። ከለቅሶው ማግስት ዘመድ ተሰብስቦ «ሴት ልጅ በዚህ ሥራ አይሆንላትም፣ መኪናው ይሸጥና ተካፈሉ» ሲል እሱ ጥግ ተቀምጦ ቃል አልተነፈሰም ነበር። አሁን ያ ዝምታው ሌላ ትርጉም ያዘባት።

ማክሰኞ ተማሪዎቹን አድርሳ ጡረታ ለወጡት መካኒክ አጎቷ ደወለች።

«ሞተሩን አጥፊና ማርሾቹን ሞክሪ» አሏት።

«ሁሉም ይገባል።»

«እንግዲያው ካምቢዮው ጤነኛ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ነው የማይለቀው። አሁን አስነሺና ፔዳሉን ሦስት አራቴ ደጋግመሽ ረግጠሽ ሞክሪ።»

አንደኛ ገባ። የዋርሳዋ እግር ትዝ አላት፤ ያውቃል ማለት ነው!

«የፍሪሲዮን ዘይት ጎድሏል። ኮፈኑን ክፈቺና እዪው።»

ከፈተች። ሞተሩ ላይ ያለው ሁሉ አቧራ ጠጥቷል፤ የዘይቱ ዕቃ ክዳን ብቻ ንጹሕ ነው፤ የጣት አሻራ አለበት።

«አጎቴ፣ ሰው ነካክቶታል። ሌላ ቁልፍ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ቀስ በይ ልጄ፣ ቀስ።»

ቀስ የምትል አልሆነችም። ረቡዕ መኪናውን አስረክባ ተሰናበተችና ከግንቡ ጀርባ ዞራ አደባች። ዋርሳዋ ግራ ቀኙን ቃኘ፤ ኮፈኑን ከፈተ፤ ከጃኬቱ ኪስ ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። ሲያጋድል ደረሰችበት።

«እጅ ከፍንጅ! ምንድነው የምትጨምርበት?»

ደንግጦ ግማሹን እጁ ላይ ደፋው። «ዘይት ነው እታለም፣ ትክክለኛው ዘይት።»

«በድብቅ? መኪናው ተበላሽቶ እንዲሸጥ ነው አይደል?»

«እንዲሸጥ ብፈልግ ዘይት እሞላለሁ?»

አላመነችውም። «ና ግባ፣ አጎቴ ይፍረዱን» አለችው።

አጎቷ ግቢያቸው ውስጥ ካርቶን አንጥፈው ከመኪናው ሥር ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ድምፃቸው መጣ። «የፍሪሲዮኑን ቱቦ ሽቦ በልቶታል። ለመሆኑ ይሄን የጭስ ማውጫ ማርሚታ በሽቦ የጠፈረው ማነው?»

ፊቷ ጋለ። ማርሚታው መሬት ለመሬት ሲጎተት ራሷ ነበረች ያሰረችው፤ «መካኒክ ምን ያደርግልኛል» ብላ ለአገር ምድሩ አውርታለች። ዋርሳዋ ጫማውን ያያል።

«ታውቅ ነበር?»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ከሰዓት እሞላዋለሁ፣ ሌሊት ያንጠባጥባል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር? የራሱን ጥፋት በኔ አላከከ ትይ ነበር።»

ጎንበስ ብላ ራሷ የጠፈረችውን ሽቦ አየችው።

አጎቷ ከሥር ወጥተው ተቆጡ። «ልጆች የሚጫኑበት መኪና ነው እኮ! አንቺም ጠይቂ፣ አንተም ተናገር!»

አዲስ ቱቦ ተገዝቶ ገባ። ከቱቦው ውስጥ አየሩን ለማስወጣት እሷ መሪው ላይ ተቀመጠች፤ ዋርሳዋ ከሥር ተኛ።

«ርገጪ! ያዢ!»

«ይዣለሁ።»

«ልቀቂ!»

ስምንት ጊዜ ያህል ደጋገሙት። ፔዳሉ እየጠነከረ መጣ። ፊቱ ስላልታያት ይሁን አይታወቅም፣ ረግጣ እንደያዘች «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ይዣለሁ አልኩ!»

ከሥር ሳቁ ተሰማት። «ሰምቼሻለሁ እታለም። በይ ልቀቂ።»