የኢንጂነሩ ሚስት

ጋሽ ገብረ ሥላሴ የቤተ ክርስቲያኑን ኮምፒውተር በአበባማ አንሶላ ጠቅልለው ለቅሶ ቤት ይዘው ሲገቡ፣ ዓለምጌጥ መጀመሪያ ምግብ መስሏት ነበር። ኧርቪንግ ከተማ ያለው አፓርታማዋ ከማክሰኞ ጀምሮ በአሉሚኒየም ትሪ ተጨናንቋል፤ ላዛኛው፣ ሩዙ፣ ዶሮው እርስ በርሱ ተደራርቦ ማንም የሚያነሳው የለም። አንሶላው ተፈትቶ የብረት ሳጥንና ስክሪን ብቅ ሲሉ ግን ፍራሿ ላይ እንደተቀመጠች ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ባሏን የቀበረችው ትናንት ነው።

«አትፍረጂብን ልጄ» አሉ ጋሽ ገብረ ሥላሴ፣ ሽማግሌነታቸው ከቤተ ክርስቲያን አልፎ ሰው ቤትም የሚሠራ የሚመስላቸው ሰው ናቸው። «ነገ መታሰቢያው ላይ የሚታደለው ፕሮግራም እዚህ ውስጥ ነው ያለው። የመንገሻ የሕይወት ታሪክ ተጽፎ አልቆ፣ ዛሬ ጠዋት አልነሳም አለን። ከሱ ቤት ሌላ የት ይዘነው እንሂድ?»

«ኖ ፕሮብሌም» አለ ፀጋዬ እጅጌውን እየሰበሰበ። ፀጋዬ የመንገሻ ታናሽ ወንድም ነው። «ኢንጂነሩ ቢሄድም ሙያው ቤት ውስጥ አለ።»

ኢንጂነሩ።

ዓለምጌጥ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ለቀስተኛው እንባዋ የመጣ መስሎት ከንፈሩን መጠጠ፤ እሷ የሸፈነችው ግን ፌዟን ነበር። በኤርፖርት ሆቴል ሚኒባስ ላይ ሻንጣ ሲጭን ልቡ ቀጥ ብሎ የወደቀውን ሰው፣ ሰው ሁሉ ተማክሮ ኢንጂነር አድርጎታል። ፓስተሩ መቃብሩ ላይ ሳይቀር ብለውታል። የሰፈሩ ሰው እንዲህ ነው፤ በሕይወት ሳለህ ስምህን ይረሳል፣ ስትሞት ማዕረግ ይጨምርልሃል።

ስለ ኢንጂነርነቱማ እሷን ይጠይቋት።

መንገሻ የኮምፒውተር ጥገና ሊማር የተመዘገበው በፈረንጆቹ ዘጠና አራት ነው፣ ሀይዌይ ዳር ባለች አንዲት የማታ ትምህርት ቤት። ቀን ሲነዳ ይውልና ማታ የኋላ ወንበር ይዞ ያንቀላፋል። ቤት ሲመለስ ያን ግንድ የሚያህል መጽሐፍ ሶፋው ላይ ወርውሮ ይተኛል። ዓለምጌጥ የሆቴል ላውንደሪ ነበር የምትሠራው፤ ሳሙና የላጠውን እጇን ቅባት እየቀባች መጽሐፉን ትገልጠው ጀመር። ስትጀምር ለንቀት ነበር። ይህን ሰው ደረቱን የሚያስነፋው ነገር ምን እንደሆነ ልታይ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ግን ባሏን ረስታዋለች።

የመጀመሪያውን ኮምፒውተር የገጠመ ቀን መንገሻ ተመልካች ጠርቶ ነበር። ሁለት የሥራ ጓደኞቹን ሶፋው ላይ አስቀምጦ፣ ክፍሎቹን በምግብ ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ፣ እንደ ቀዶ ሐኪም ጣቶቹን አፍታታ። ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ሳጥን ወጥተው ትልቁ ቦርድ ላይ የሚሰኩ ሁለት ሶኬቶች አሉ። መልካቸው አንድ ነው፤ ማንኛው በየት በኩል እንደሚገባ አይናገሩም።

«ጥቁሮቹ ገመዶች መሃል ላይ ጎን ለጎን ይሁኑ ይላል እኮ» አለች ዓለምጌጥ ከወጥ ቤት በር ላይ።

«አንቺ ድስትሽን አማስይ» አላትና ለጓደኞቹ ጠቀሰ። ከዚያ አበራው።

ጧ አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። መንገሻ ቦርዱን አገላብጦ አይቶ «የሞተ ዕቃ ሸጡልኝ፣ እነዚህ ሌቦች» አለ። ይህንኑ ታሪክ ለዓመታት በየግብዣው አወራው፣ በየጊዜውም ሌቦቹ እየበዙ ሄዱ። እሷ አንድም ቀን አላረመችውም። ደግ ሆና አይደለም፤ ለክርክር እንኳ ስለናቀችው ነው።

ሁለተኛውን ቦርድ ራሷ ገጠመችው። ከዚያ ወዲህ የተገጠመውንም ሁሉ። መንገሻ ቢዝነስ ካርድ አሳተመ፣ ደንበኛ አመጣ፣ በሩን ከፍቶ «ዋይፌ ናት፣ ታግዘኛለች» እያለ ከባለቤቶቹ ጋር ሲሳሳቅ፣ እሷ ጠረጴዛ ስር ገብታ ኮምፒውተሮቹን በገመድ ታያይዛለች። ተጠራርተው መነጋገር ሲጀምሩ መንገሻ እጁን አጨብጭቦ «ሠራሁላችሁ» ይላል።

«ዓለምዬ፣ አንቺ ምንም አታስቢ» አለ ፀጋዬ፣ ወለሉ ላይ የሳጥኑን ክዳን እየፈታ። የመፍቻ ቦርሳውን ከቁም ሳጥን ሳይጠይቃት አውጥቶታል። «ከጋሽ ገብረ ሥላሴ ጋር ተነጋግረናል። የወንድሜን ደንበኞች እኔ እይዛቸዋለሁ። አዲሰን ያለውን የቲኬት ቢሮም። ሶ፣ አንቺ እረፊ።»

የተነጋገሩት ከቴርሞስ ቡና እየቀዱ፣ እሷ በምትሰማበት ክፍል ውስጥ ነበር። አንዳቸውም ወደ ፍራሹ ዞረው አላዩም።

ያን ጊዜ ነው የቲኬት ቢሮዋ ባለቤት ዙሌይካ ጥቁር ሻሿን አስራ የገባችው። «አላህ ያጽናሽ» ብላ ዓለምጌጥን አቀፈቻትና አጠገቧ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

ፀጋዬ ከሳጥኑ ሳይላቀቅ «ሲስተር፣ ሰኞ እኔ ነኝ የምመጣው» አላት። «አዲሶቹን ኮምፒውተሮች ኮኔክት አደርግልሻለሁ።»

«አንተን አላውቅህም» አለች ዙሌይካ ረጋ ብላ። «እኔ የማውቀው ከዴስኬ ስር የሚወጣውን የሴት ጫማ ነው።»

ፀጋዬ ሳቀ። ሌላ የሳቀ አልነበረም። ዙሌይካ ወደ ዓለምጌጥ ዞር ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አንዴ ሲስተሙ ወድቆብኝ፣ ሰው ቲኬት እየጠበቀ፣ ቶሎ ድረስ ብዬ ኮል አደረግኩለት። መጣ። መጥቶ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ?»

«መርምሬ መንስኤውን ደረስኩበት ብሎኛል» አለች ዓለምጌጥ።

«ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ‘ዓለም አስር ሰዓት ከሥራ ትወጣለች፤ እስክትመጣ አንቺም እንዳትነኪው፣ እኔም አልነካው’ አለኝ። ለደንበኞቹ ሻይ ሲያቀርብልኝ ነው የዋለው።»

ፈሪ፣ አለች ዓለምጌጥ በልቧ። ይህን ቃል ለመንገሻ ስታውለው ሁልጊዜ ይጣፍጣት ነበር። አሁን አልጣፈጣትም።

«ሰኞ ባይሆንልሽ እጠብቃለሁ» አለች ዙሌይካ። «ግን አንቺ ነሽ የምትመጪው።»

የዓለምጌጥ ዓይን ግን ፀጋዬ እጅ ላይ ነበር። የተቃጠለውን የኤሌክትሪክ ሳጥን አውጥቶ፣ ከመንገሻ ዕቃዎች መሃል ያገኘውን ሌላ አስገብቷል። አሁን ሁለቱን ሶኬቶች ወደ ቦርዱ እያስጠጋ ነው። ጥቁሮቹ ገመዶች ግራና ቀኝ ዳር ላይ ወጥተዋል።

«ገልብጠኸዋል» አለች።

«ኖ፣ ኖ። አውቀዋለሁ። ራሱ መንገሻ ነው ያሳየኝ።»

«ራሱ ካሳየህማ በእርግጥ ገልብጠኸዋል።»

ጎረቤቷ እትዬ የሺሐረግ ጉልበቷን ያዝ አድርገው «ተይ ዓለም፣ ሙት ወቃሽ አትሁኚ» አሏት።

«ሙቱን አልወቀስኩም፣ እትዬ። ያልሞተው ቦርዱን ሊያቃጥለው ነው።»

ተነሳች። እትዬ የሺሐረግ ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም ብለው ነጠላዋን ጎተቱት፤ ነጠላውን እጃቸው ላይ ትታላቸው ሄደች። ፀጋዬ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ጋሽ ገብረ ሥላሴ የነገው ፕሮግራም ትዝ አላቸው መሰል «እስኪ ትየው» አሉት። ሶኬቶቹን ከእጁ ወስዳ ተንበረከከች። ወንዶቹ ሊያዩ ከበቧት። ለዚያ ሁሉ ክፍል ያለው ብርሃን ጥግ ላይ የቆመው አንድ መብራት ብቻ ነው፤ ጀርባቸው ጋረደውና የሳጥኑ ውስጥ ጨለመ። እጇን ወደ ታች ሰደደች።

«ወደ ግራ» አለች ቀና ሳትል።

ብርሃን አልመጣም።

«ወደ ግራ አልኩህ እኮ። ወሬህን ተውና ጠጋ አድርገው።»

«ምኑን?» አለ ፀጋዬ ሁለት ባዶ እጁን ዘርግቶ።

ዓለምጌጥ ማንን እያዘዘች እንደነበር የገባት ያኔ ነው። መንገሻ በእነዚያ ሁሉ ቢሮዎች ውስጥ አንድ ብሎን ፈትቶ አያውቅም፤ የእጅ ባትሪ ግን ይይዝላት ነበር። ባለቤቶቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ በዚያ በሚኮራበት ሱሪው ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ ስለ ኳስም ስለ ፖለቲካም እየለፈለፈ ያበራላት ነበር። አፉ አያርፍም፤ እጁ ግን አይንቀሳቀስም። «ወደ ግራ» የምትለውም ለቁጣ ያህል እንጂ፣ ጣቷ የሚሄድበት ቦታ ላይ ብርሃኑ ሁልጊዜ ቀድሟት ይደርስ ነበር።

«ባትሪ ፈልጉላት» አለች ዙሌይካ ከፍራሹ። ማንም የት እንዳለ አያውቅም።

ዓለምጌጥ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ዳሰሰች። የመጀመሪያውን ሶኬት ሰካች፣ ሁለተኛውን አጠገቡ፤ ጥቁሩን ከጥቁር ጎን።

«አብሩት» አለች።

የሳጥኑ ማራገቢያ መዞር ጀመረ። ጋሽ ገብረ ሥላሴ «ተመስገን» አሉ፣ ወንዶቹም ስክሪኑን ሊያዩ ተሻምተው ከላይዋ ገለል አሉ። መብራቱ አሁን እስከ ሳጥኑ ድረስ ደረሰ። ዓለምጌጥ ግን አልተነሳችም። ግንባሯን በሚንቀጠቀጠው ብረት ጠርዝ ላይ አስደግፋ፣ ክፍት መዳፏን ከትከሻዋ በላይ፣ ባትሪው ይበራላት ወደነበረው ጎን፣ ወደ ኋላ እንደዘረጋች ቆየች።