ኮሎኔሉ የተከሉት ድንኳን

ኮሎኔል ስብሓት በጦር ሜዳ ጀግንነት ሜዳልያ የተሸለሙ፣ ኋላም የአንድ ትልቅ ከተማ ከንቲባ ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጥተው ኢምፔሪያል አካባቢ ሲገቡ የሰፈሩ እድር በደስታ ተቀበላቸው። ችግሩ አቀባበሉ ነበር። ለቅሶ ቤት የፊት ወንበር ይሳብላቸዋል፤ አግዳሚ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ «ኧረ በማርያም! ክቡር ከንቲባ፣ እርስዎ አይነኩም!» ይባላሉ። መከበሩንስ ጠግበውታል። አሁን የሚመኙት እንደ ሰው ጎረቤት መሆን ብቻ ነበር።

የጎረቤታቸው የወይዘሮ ምንትዋብ ልጅ ቤዛዊት በምትዳርበት ዋዜማ ድንኳን ተካይ ጎደለ። ኮሎኔሉ ኮታቸውን አውልቀው መዶሻ አነሱ። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ሽፈራው ሊከለክሏቸው ፈልገው ነበር፤ ግን ሰማዩ ጠቁሯል፣ በቂ ሰውም የለም፤ ካስማውን አቀበሏቸው።

ኮሎኔሉ አንዴ ከጀመሩ ማን ያቆማቸዋል! «ያዝ! ሳብ! ወጥር!» እያሉ ሰዉን አሯሯጡት። ድንኳኑ እንደ ከበሮ ተወጠረ።

ወይዘሮ ምንትዋብ ማማሰያቸውን እንደያዙ ከግቢ ብቅ አሉ። ድንኳኑን ዞሩት። እንደገና ዞሩት።

«በሩ የታለ?»

«ከኋላ፣ በአጥሩ በኩል ነው» አሉ ኮሎኔሉ። «ከመንገድ እንዳይታይ።»

«ማን እንዳያየው?»

ኮሎኔሉ ወደ መንገዱ ዞር ብለው አዩ። በውትድርና ዘመናቸው ሁሉ ድንኳን የተከሉት እንደዚያ ነበር።

«አንተ ስብሓት! የምንጠብቀው ጠላት ነው እንዴ? ሙሽራዋ አጥር ዘላ ትግባልህ? አማቾቼስ በደረታቸው እየተሳቡ ይምጡ?»

ሰዉ ክው አለ። ቀድመው የሳቁት ራሳቸው ኮሎኔሉ ናቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው፣ ምሰሶውን ተደግፈው። ያኔ ሁሉም በሳቅ ፈነዳ።

አቶ ሽፈራው ዕንባቸውን እየጠረጉ «በል እንግዲህ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ንቀልና አዙረው» አሉ። «ለጥፋትህ ደግሞ ነገ ወጥ አዳይ ነህ። እንግዳው ሳይጠግብ መቀመጥ የለም።»

«ታዛዥ ነኝ!» አሉ ኮሎኔሉ።

በማግስቱ ሙሽሮቹ ከቦሌ መድኃኔዓለም ሲመለሱ፣ ኮሎኔሉ ሽርጥ ታጥቀው በጠረጴዛዎቹ መሃል ይሽሎከሎኩ ነበር። ፊታቸው በላብ ርሷል።

«ስብሓት!» ሲሉ ተጣሩ ወይዘሮ ምንትዋብ። «የጥጉ ጠረጴዛ ወጥ አልደረሰውም እኮ! ምን ይገትርሃል?»

«መጣሁ፣ እመቤቴ፣ መጣሁ!» አሉና ጭልፋቸውን ይዘው ሮጡ።