ላይ ቤት

አባቴን ከቀበርን ሦስት ሳምንት ሆነን። ሊያጽናናኝ የሚመጣ ሁሉ «እስከ መጨረሻው አልተለየኸውም፤ ደስ ይበልህ» ይለኛል። አንገቴን ደፍቼ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ልለየው እንደነበር ከእኔ ሌላ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አራተኛው እሱ ራሱ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ቀጮ የደወለልኝ ቀን ነው። ቀጮ ከእኔ ጋር ፍሪጅ ሲጠግን የኖረ ጓደኛዬ ነው። ካገር ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሚኖረው በሰሜን ጫፍ፣ ባሕሩ እንኳ በረዶ በሚሆንበት፣ በብርዱ ወራት ሁለት ወር ሙሉ ፀሐይ በማትወጣበት አንድ የዓሣ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ነው። ቅንድቡ ላይ በረዶ የተጋገረበትን ፎቶ እየላከ የሚያስቀናን ይመስለዋል።

«የማቀዝቀዣ ክፍሎቹን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋሉ» አለኝ። «ስምህን ሰጥቻለሁ።»

«በበረዶ አገር ፍሪጅ ምን ያደርጋል?»

«አንተ ሞኝ! እዚህ እኮ ሰው ፍሪጅ የሚገዛው ምግቡ በረዶ እንዳይሆንበት ነው!»

ሚስቴ አጠገቤ ሆና ስትሰማ በሳቅ ተንተከተከች። ቆይታ ግን ሳቋን ዋጠችና «ቤት ይሰጣሉ ወይ በለው» አለችኝ።

ይሰጣሉ። አንድ ክፍል፣ ለሁለት ሰው። ለሦስተኛ ሰው ፈቃድ የለም። የታመመ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ መንገዱ በበረዶ ሲዘጋ ሆስፒታል የሚደረሰው በአውሮፕላን ብቻ ነው። መልሳችንን የሚጠብቁት እስከ ወሩ ሃያ አምስት ነው።

እኛ ቤት ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነበረ። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል፤ እግሮቹ ከከዱት አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ያለን አንድ ክፍል ነው። መሐሉን በኮምፔንሳቶ ከፍለን መስኮት ያለበትን ወገን ለእሱ ሰጠነው፤ እኔና ሚስቴ በበሩ በኩል ቀረን። እሷ ልብሷን የምትቀይረው አልጋው ላይ ቆማ ነው፤ ወለል የለማ። ጠዋት እኔ አጥቤው፣ አልብሼው እወጣለሁ። በምሳ ሰዓት እሷ ከምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ እየሮጠች መጥታ ታበላዋለች፣ ታገላብጠዋለች። ሁለታችን አብረን ከቤት ከወጣን ዓመት አልፎን ነበር። እሱ ግን ከተጋባን በዘጠኝ ዓመታችንም «ሙሽሪት» ነበር የሚላት።

ሚስቴ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ካለው ካርታ ከተማዋን ፈለገቻት። «አናቱ ላይ ናት። ከእሷ በላይ ያለው ካርታው የተሰቀለበት ሚስማር ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አባቴ እንዳይገባው «ላይ ቤት» አልናት። ጠዋት ጠዋት እሱ ራዲዮውን ሲከፍት፣ እኛ ጫማችንን እያሰርን እንንሾካሾካለን።

«የላይ ቤቱ ነገር እንዴት ሆነ? ሐኪሙስ?» ለሥራው የጤና ምርመራ ተጠይቄ ነበር።

«አይቶ ጨርሷል። ፈርሟል።»

«እንግዲህ ከሃያ አምስት አያልፍም።»

«አያልፍም።»

«ለእትዬስ?»

«በመጨረሻ እንነግራታለን። አሁን ከሰማች ቤቱን በጩኸት ታፈርሰዋለች።»

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ከተማው ማዶ ከአምስት ልጆችና ከአማቷ ጋር ተጨናንቃ ትኖራለች። አባባ ማን ጋ ይሆናል የሚለውን ጥያቄ እኔም ሚስቴም አፋችን ላይ አላመጣነውም። እኔ እሷ እንድትለው እጠብቃለሁ፤ እሷ እኔን ትጠብቃለች። ቅጹን ሞልቼ ፊርማው ጋ ስደርስ እጄ እንቢ አለኝ፤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ወሩ ሲጋመስ አባቴ ተለወጠ። ሾርባው ቀጠነ ማለት ተወ። በየቀኑ ጢሙን እንድላጨው ጠየቀኝ። የእጅ ሰዓቱን ለሚስቴ ሰጣት፤ «የወንድ ነው አባባ፣ ምን ላድርገው?» ብትለው «ሙሽሪት፣ ሰዓት ወንድና ሴት አይለይም» አላት። ከሃያ ዓመት በፊት የተጣላውን ትኬት ቆራጭ አስጠርቶ ይቅርታ ጠየቀው። ሰውየው ሲወጣ በር ላይ ያዘኝና «አባትህን ምን ነካው? ጥፋቱ እኮ የእኔ ነበር» አለኝ። ከሁሉ በላይ በየጠዋቱ «ዛሬ ስንት ነው?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ልቡ ከረጋማ እትዬ ጋ ቢሆንም አይከፋውም ብዬ፣ ቅጹን ከኪሴ አውጥቼ ፈረምኩ።

በሃያ ሁለት፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ እትዬ በሩን በርግዳ ገባች።

«አንተ ድንጋይ! እኔ ልጁ አይደለሁም? ሐኪም ቀን ቆርጦለት ከራሱ አፍ ልስማ?»

«የምን ቀን?»

«ደውሎ ተሰናበተኝ እኮ! ልጆቹን ሳሚልኝ አለኝ!»

ሚስቴ የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ነገሩ ከእኔ ቀድሞ ለእሷ ገብቷታል፤ እኔ ያነበብኩት ከፊቷ ላይ ነው።

ሦስታችንም ወደ አባቴ ገባን። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ትራሱን ተደግፏል።

«አትቆጪው» አላት እትዬን። «ጥፋቱ የኔ ጆሮ ነው። ራዲዮ እየሰማሁ ጆሮዬ እነሱ ጋ ነው፤ ሹፌር ሞተሩንም ተሳፋሪውንም ይሰማል። ሐኪሙ አይቶ ጨርሷል፣ ከሃያ አምስት አያልፍም ሲሉ ሰማሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ላይ ቤት የምሄደው ጠዋት ነው ከሰዓት?»

ውሸት ፈለግሁ። በሌላ ጊዜ የማያልቅብኝ ነገር ያን ቀን አንድም አልመጣልኝም።

«ላይ ቤት አገር ነው አባባ» አልኩት። «ብርድ አገር። ሥራ ተገኝቶልኝ እኔና እሷ ልንሄድ አስበን ነበር። የተመረመርኩት እኔ ነኝ። ሃያ አምስት የመልሱ ቀን ነው።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «እኔ ደግሞ... ያንን ሌባ ትኬት ቆራጭ ይቅርታ ጠይቄ!» ይላል። እትዬም ሳቀች፤ ሚስቴም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ሳቁ ሲያልቅለት ትንፋሹን ሰበሰበና «እና እኔንስ?» አለ።

እትዬ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። «የኔን ቤት እንደሆነ ታውቁታላችሁ...» ብላ አቆመች። ሚስቴ ወደ እኔ አላየችም።

«አንሄድም» አልኩ። «አስበን ነበር፤ ትተነዋል።»

«ለእኔ ብላችሁ?»

«አይ፣ ብርዱ።»

«ብርዱስ ከባድ ነው» አለና ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ሳበ።

እውነቱን ልናገር፤ እንዲከራከረኝ ፈልጌ ነበር። «ሂዱ» እንዲለኝ። ያን ቀን አላለኝም። ከዚያም በኋላ በኖረባቸው አሥራ አንድ ወራት ምሳ በቀረበ ቁጥር፣ በተላጨ ቁጥር ጠበቅሁት። ሾርባው ቀጠነ ማለቱን ቀጠለ እንጂ ያችን ቃል አላወጣትም። ሚስቴ ክሊኒኩ ውስጥ ወንበሯን ካርታው ወደማይታይበት አዞረችው።

ባለፈው ሳምንት ቀጮ ለማጽናናት ደወለ። አልቅሶ ሲያበቃ «ቦታው ዘንድሮም ክፍት ነው። አሁን እንግዲህ...» አለኝ።

ለሚስቴ ነገርኳት። አሁንም በበሩ በኩል ነው የምንተኛው፤ መስኮት ወዳለበት ወገን አልጋችንን አልገፋነውም።

«ብንሄድስ?» አልኳት።

«ሞቱን የምንጠብቅ መስሎት ነበር» አለች። «አይደለም አልነው፣ አመነን፣ ሳቀ። አሁን በሦስተኛ ሳምንቱ ሻንጣ ካነሳን ግን መጀመሪያ የሰማው ልክ ነበር ማለት ነው።»

«እና ስንት እንቆይ? ዓመት? ሁለት ዓመት?»

«ስንት እንደሚበቃ ባውቅ ዛሬውኑ መቁጠር እጀምር ነበር።»

ትናንት ከሥራ መልስ ለቀጮ ደወልኩና ሌላ ሰው ፈልጉ አልኩት።

«አንተ ሰው፣ አሁን ደግሞ ማን ያዘህ?»

«ማንም አልያዘኝም» አልኩት።

«በል እሺ፣ ብርዱን ፈርተህ ነው» ብሎ ሳቀብኝና ዘጋው።