ቤት መኖሩን የምትናገር ባንዲራ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዬ አንድ ገመድ መሳብ ነበር ብል የሚስቅብኝ ይኖራል። ይሳቅ። እርግጥ የግንቡን ቁልፎች እይዛለሁ፤ ሲያፈስ ጣሪያውንም እጠግናለሁ። በመንደራችን ግን ቬንዴሊን ሲባል ሰው የሚያውቀኝ በባንዲራዋ ነው። ጌታው ቤት ሲሆን ማማው ላይ ትሰቀላለች፤ ግንቡን በከበበው ውሃ ላይ ያለውን ድልድይ ተሻግሮ ሲወጣ ትወርዳለች። የአባቱ አስከሬን ድልድዩን የተሻገረ ዕለትም ያወረድኳት እኔ ነኝ።

ጌታው ግራፍ ኤንገልበርት ነው፤ ግራፍ የጀርመን መኳንንት ማዕረግ ነው። በአፌ "እርስዎ" እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንተ ነው። ብስክሌት ያስተማርኩት ልጅ ነዋ።

ባለፈው ዓመት ከሚስቱ ሲፋታ፣ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ፎቶ አንሺ የምታለቅሰው ልጁ ፍሬደሪከ ፊት ላይ ካሜራ ደገነ። ግራፉ በጃንጥላ መታው። የልጅቷን ለቅሶ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ጃንጥላውን ግን አገር አየው። መጽሔቶቹ "እብዱ ግራፍ" አሉት። ዳቦ ቢገዛ ዜና፣ ባይገዛ ዜና። ከዚያ ወዲህ አራት መኪና በሩ ላይ ቆሞ ይውላል። ቢወጣ ይከተሉታል፤ ባይወጣ መስኮቱን ያነሳሉ። አርባ ክፍል ባለው ቤት ውስጥ መጋረጃ ከፍቶ የሚቀመጥበት አንድ ክፍል አጣ። አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ልጁን ካያት ሰባት ወር ሲሞላው እናቷ ፈቀደች፤ ሙንስተር ከተማ፣ አይስክሬም ቤት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ። አንድ ካሜራ ካየች ግን ልጅቷ አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላት ዳግም አይገናኙም። ፍሬደሪከ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ዘዴውን ያመጣችው ዳቦ የምታመላልሰው ወይዘሮ ሂልትሩድ ናት። በእሷ መኪና፣ ከባዶ ሳጥኖች መሃል ተኝቶ ይወጣል። ብርድ ልብስ አነጠፍኩለት።

"አያቴ በነጭ ፈረስ ነበር የሚወጡት፣ አይደል?" አለኝ ከተጋደመበት።

"አዎ፤ ግን እንዲህ ዳቦ ዳቦ አይሸቱም ነበር" አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ።

መውጣቱን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብዬ ማማው ላይ ወጣሁ። መኪናዋ ድልድዩን ተሻግራ በካሜራዎቹ መሃል ቀስ ብላ አለፈች። ዞር ብሎ ያያት የለም። "ወጣ!" አልኩ። ክፉ ልማድ ከማድ ያሰርቃል ይላሉ፤ የእኔ ልማድ ክፉ እንኳ አልነበረም። ከታች ጩኸት ስሰማ ባንዲራዋ ወርዳ፣ ታጥፋ ክንዴ ላይ ነበረች።

አንዱ ፎቶ አንሺ በጣቱ ማማውን ያሳያል። ከጠዋት ጀምሮ ከግቢው የወጣው መኪና አንድ ብቻ ነው። አራቱም ተነሱ። ሂልትሩድ ጋ ደወልኩ፤ እየነዳች ስልክ የማታነሳ ጨዋ ሴት ናት።

የሆነውን በኋላ እሷው ነገረችኝ። ልጅቷ አባቷን ስታይ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። አንገቱ ላይ ሳትጠመጠም የአይስክሬም ቤቱ መስታወት በካሜራ ተሞላ። እናትየው እጇን ይዛ በጓሮ በር ወሰደቻት። ግራፉ የልጅቷ አይስክሬም እስኪቀልጥ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ቀረ።

እኩለ ቀን ሳይደርስ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሳይደበቅ ተመለሰ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

"እኔ ነኝ ያወረድኳት" አልኩት። "ያባርሩኝ።"

"አየሁ'ኮ" አለኝ። "በመኪናዋ የኋላ መስኮት አጮልቄ እያየሁ ነበር። ስትወርድ እንደ ልጅነቴ 'አሁን ወጣሁ' ብዬ ደስ አለኝ እንጂ ሌላ ነገር አልታሰበኝም።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከኮቱ ላይ ዱቄቱን አራገፈ። ውጭ መኪኖቹ አንድ በአንድ ወደየቦታቸው ሲመለሱ ይሰማናል።

"ይውጡና ይስቀሏት፣ ቬንዴሊን" አለኝ። "ቤት ነኝ።"