የሳሊሐ ዶሮ ቤት በር

እናንተ ብትሆኑ በሩን ትከፍቱት ነበር? መልስ ከመስጠታችሁ በፊት የማን በር እንደሆነ ስሙ።

መቱ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ ክረምቱ እንደገባ ዶሮዎች መሞት ጀመሩ። ጠዋት ደህና ሆና የወጣች ዶሮ ከሰዓት በኋላ እግሯ ይከዳታል፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ክንፏን ዘርግታ ትቀራለች። ፈንግል ነው ተባለ። ፈንግል ቢሆን ቤት አይመርጥም ነበር፤ ይህ ግን መረጠ። የሁላችንም ዶሮ አልቆ የሳሊሐ ብቻ ተረፈ።

ሳሊሐ በሰፈራው ዘመን ከወሎ በእናቷ ጀርባ ታዝላ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ እንቁላል ሸጣ የምታድር ሴት ናት። ዶሮዎቿ የተረፉት ስለማይወጡ ነው። የማይወጡት ደግሞ ጎረቤቷ ጋሼ ጭምዴሳ "ጎመኔን ጫሩብኝ፣ ዝጊያቸው" ስላሏት ነው። ዝጊ አሏት፤ ዘጋች። ስለ ዘጋች ተከሰሰች። "የእኛ ሲያልቅ የእሷ እንቁላል ተወደደ፤ መርዝ የበተነችው እሷ ናት" ያሉት እኚሁ ጋሼ ጭምዴሳ ናቸው። የሰፈሩ የውሃ ቦኖ ያለው እሳቸው ደጅ ስለሆነ ከለከሏት። ባልዲዋን ይዛ ወንዝ መውረድ ጀመረች። ጎሬ ያለችው እህቷ ዘንድ ልሂድ ብትል ሸሸች ሊባል ነው። ብትቀመጥ የቦኖ ውሃ የለም።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ጎረቤቴ ኢሊሊ የሞተች ዶሮዋን ልትጥል ስትል ተቀብያት የዶሮዋ አንገት ሥር ያለውን የመብል ከረጢት ቀደድኩት። ከዝናብ በኋላ በሚወጣው ክንፋም ምስጥ ተሞልቷል። ዶሮዎቻችን ምስጥ የሚለቅሙት ሰፈሩ እያሠራ ካለው አዲስ አዳራሽ አጥር ውስጥ ካለው ኩይሳ ነው። ዶሮ በሽቦው ሥር ሾልካ ትገባለች፤ ሰው ግን ያለ ቁልፍ አይገባም። በሽቦው በኩል ጎንበስ ስል የፀረ ተባይ መድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ኩይሳው ጫፍ ላይ ያለው ሣር ተቃጥሏል።

ሰፈርተኛው በተሰበሰበበት ይህንኑ ተናገርኩ።

"ምስጥ ዶሮ ገድሎ ያውቃል?" አሉ ጋሼ ጭምዴሳ እየሳቁ። "እኛ ኩይሳ እየናድን ነው ጫጩት ያሳደግነው። ይሄንን የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው ያስተማረህ፣ መምህር?"

"መርዝ የነካው ምስጥ ይገድላል። ኩይሳው ላይ ምን ፈሰሰ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"የአዳራሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ እርስዎ ነዎት። እንጨቱን ምስጥ እንዳይበላው ሲጨነቁ የሰማሁት ከእርስዎው አፍ ነው። ቁልፉም እርስዎ ጋ ነው።"

"ቁልፍ መያዝ ወንጀል ሆነ?" ወደ ሳሊሐ ዞሩ። "ነገሩ ቀላል ነው። ዶሮዎችሽን ልቀቂያቸውና ከኩይሳው ይልቀሙ። ከሞቱ ንጹሕ ነሽ። ካልሞቱ እኛም አወቅንሽ።"

ስንቱ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ደሜ ፈላ። "ከሁሩሙ ገበያ ዶሮ ልግዛና የገዛኋትን እንልቀቅ" አልኩ።

"የገበያ ዶሮ ታማ ልትመጣ ትችላለች" አለ የኮሚቴው ጸሐፊ ቶኩማ። "ጤነኛ መሆኑን የምናውቀው የሳሊሐን ነው።"

ወጥመዱን ተመልከቱልኝ። ቢተርፉ ወንጀለኛ ናት፤ ቢሞቱ የምትበላው የላትም።

ስንመለስ "እንዳትከፍቺ" አልኳት።

"ባልከፍትስ? ውሃ ይቀዱልኛል፣ መምህር?"

"እቀዳለሁ።"

"እስከ መቼ?"



በማግስቱ ዝናቡ አባርቶ ምስጡ መውጣት ሲጀምር ሰው ሁሉ አጥሩ ዙሪያ ቆመ። ሳሊሐ በሩን ከፈተች። ዶሮዎቹ መውጣት አልፈለጉም፤ ብዙ ጊዜ ተዘግተው ስለኖሩ ደጃፉ ላይ ቆመው ብርሃኑን ያዩታል። ራሷ በስም እየጠራች አወጣቻቸው። በሽቦው ሥር ገቡና እየተሻሙ መልቀም ጀመሩ። ኢሊሊ ፊቷን አዞረች። ሌሎቻችን አየን። ጥቂት ቆይቶ ገብስማዋ ዶሮ እየተንገዳገደች ከአጥሩ ወጣችና ወደቀች። ቀዩ አውራ ዶሮ ተከተላት። ሌሎቹ ኩይሳው ሥር ቀሩ።

ሳሊሐ ገብስማዋን አንስታ ጋሼ ጭምዴሳ እግር ሥር አስቀመጠቻት።

"ንጹሕ ሆንኩ፣ ጋሼ? አሁን ውሃ ልቅዳ?"

ሰዓታቸውን አዩና "ስብሰባ አለብኝ" ብለው ሄዱ። ቦኖው ዛሬም እንደተቆለፈባት ነው።

አዳራሹ እሁድ ይመረቃል። ጋሼ ጭምዴሳ፣ ሪባኑን ከመቁረጥዎ በፊት፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ይቁሙና ይመልሱ፦ ኩይሳው ላይ ምን አስፈሰሱ? ያስፈሰሱትን እያወቁስ ያቺን ሴት በሯን ለምን አስከፈቷት?